ውሃው ምን ይላል?

አጎቴ የገዛ መኪናውን ድንጋይ ላይ አቁሞ አራቱንም ጎማ ሲፈታ ያየሁ ቀን፣ ያሸነፍን መስሎኝ እየጮህኩ ግቢውን ዞርኩት።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር ነበር የምንኖረው። እሱ ከፍ ያለች ግዙፍ መኪና ነበረችው። አባቴ ደግሞ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ አሮጌ የቤት መኪና ይነዳ ነበር። አጎቴ የእኛዋን «ድስት» ይላታል፤ አባቴ የእሱን «ግመል» ይላታል። ጠዋት ሞተር ሲያስነሱ፣

«ድስቷ ፈላች?» ይላል አጎቴ ከዚያ ማዶ።

«ፈላች። ግመሏስ ተነሳች ወይስ ገና እያመሰኳች ነው?» ይመልሳል አባቴ።

በዚህ ሳቅ ነበር ቀናችን የሚጀምረው። አንድ ቀን ግን ሁለቱ እናቴ ክፍል ውስጥ ተጯጯሁ። እኔ ውጭ አፈር እየቆፈርኩ ነበር፤ የተባባሉትን አልሰማሁም። አጎቴ በሩን አላትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሞተር እንጂ ሳቅ አይሰማም ነበር። ትንሽ ቆይቶ የአጎቴ ሞተርም ዝም አለ።

ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። በእኔ አእምሮ ሁለት ወንዶች የሚጣሉበት አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ የማን መኪና ትፈጥናለች። ስለዚህ ውድድር ሊደረግ ነው ብዬ ደመደምኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አጎቴ ግመሏን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ጎማዎቿን አንድ በአንድ እያንከባለለ ወደ እኛ በር ያመጣው። እጅ ሰጠ ማለት ነው። ምርኮ እያስረከበ ነው ማለት ነው።

አሁን አርጅቼ ሳስበው፣ አጎቴ ጎማዎቹን ይዞ ሲመጣ ፊቱን አስታውሳለሁ። የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። አባቴን እያየ፣

«ሞተር አለህ፤ ከፍ ያለ ጎማ የለህም። እኔ ጎማ አለኝ፤ ሞተሬ ተቃጥሏል» አለው።

አባቴ «አምጣው» አለ።

ከተጣሉ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከአልጋ አትወርድም። ልብስ ሰፊ ናት። ማሽኗ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ቆሟል፤ አልጋዋ ግን ተገፍቶ መስኮቱ ሥር ሆኗል፤ ግቢውን እንድታይ። ሆዷ ገፍቶ ነበር። ተኝቶ የሚበላ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ አለፍኩት። እንደ ንግሥት ከመስኮቱ ሆና ስታዝ፣ የውድድሩ ኃላፊ እሷ ናት ብዬ አመንኩ።

እውነቱን የነገሩኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፀንሳ ነበር፤ ሁለቱም አልቆዩላትም። በሦስተኛው ሐኪሙ «አትነሺ፣ አትናወጪ» ብሏታል። «ደም ከጀመረሽ እዚህ ምንም ማድረግ አንችልም። ትልቁ ሆስፒታል በቶሎ መድረስ አለብሽ።» ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ኮረኮንች ነው፤ ቀጥሎ አስፋልት። ኮረኮንቹ ላይ የእኛ መኪና ሆዷ ድንጋይ እየመታ የታመመውን ይቅርና ጤነኛውን ያሳምማል። አጎቴና አባቴ የተጯጯሁትም በእርግዝናዋ ነበር። አጎቴ «ለምን እንደገና አረገዘች?» ብሎታል።

ጎማዎቹን የሚያስረው ጎሚስታ መጣ። አጭር ሰው ነው፤ ባቱ ግን የሁለት ሰው ባት ያህላል። ጎማውን የሚይዘውን ዳዶ በእጁ አያጠብቅም። መኪናዋን ካነሳት ክሪክ ያወርዳትና መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰክቶ ጫፉ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ይዘላል። በዘለለ ቁጥር መፍቻው «ቂው» ይላል፣ እኔም አጨበጭባለሁ።

«እኔ ያጠበቅኩትን እግዜር ይፍታው!» ይላል ላቡን እየጠረገ።

ድስቷ ከፍ አለች። የታላቅ እህቷን ጫማ የተዋሰች ልጅ መሰለች። አባቴ በሆዷ ሥር ጎንበስ ብሎ በወዲያ በኩል የቆመውን አጎቴን አየው። ሁለቱም ፈገግ ሊሉ ሲሉ ጠባቸው ትዝ ብሏቸው ተውት።

ከዚያ አባቴ ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አመጣ። የኋላውን መቀመጫ በትራስ ደልድሎ ሳፋውን አስቀመጠበት፤ ውሃ ሞላው። እኔን አነሳና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ሥራህ ይህን ውሃ ማየት ነው። መንገዱን አትይ፣ ሰው አትይ፣ ውሃውን ብቻ። ስጠይቅህ የሚያደርገውን ትነግረኛለህ።»

«ሻለቃ ብለን ሾመንሃል» አለኝ አጎቴ በመስኮት አጎንብሶ። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ጠላት ራሱ ማዕረግ ሰጠኝ!

ኮረኮንቹን ስንገባ ትንፋሼን ያዝኩ። ሁልጊዜ ሆዷን የሚፍቃት ጉብታ መጣ፤ አለፈ። ምንም አልተሰማም። ውሃው ወዲያ ወዲህ ተንሸራተተ እንጂ አልፈሰሰም። አባቴ መሪውን በመዳፉ መታ አድርጎ «እሰይ!» አለ። ከዚያ አስፋልቱን ያዝን።

«ስልሳ ነኝ። ሻለቃ፣ ውሃው ምን ይላል?»

«ዝም ብሏል!»

«ሰባ።»

«ዝም ብሏል አባዬ!»

«ሰማንያ።»

ውሃው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተሸበሸበ። ቀጥሎ ከሳፋው ጠርዝ ክብ ክብ እየሆነ ወደ መሃል መሮጥ ጀመረ። መቀመጫው ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ሳፋው ራሱ ቦታውን ለቆ ወደ እኔ መጣ።

«ሳፋው እየሄደ ነው! አባዬ፣ ሳፋው በእግሩ እየሄደ ነው!»

ከዚያ የሚበልጥ ነገር በሕይወቴ አላየሁም ነበር። ሱሪዬ ርሷል፣ መኪናዋ ሙሉ ታጓራለች፣ እኔ በሳቅ ልሞት ነው። አባቴ ግን ዳር ይዞ አቆመ፤ ዞሮም የፈሰሰውን ውሃ አየ። ብዙ አየው። እኔ ውሃ አባከንክ ብሎ የሚቆጣኝ መሰለኝ። እሱ ግን እዚያ ትራስ ላይ የሚያየው ውሃ አልነበረም።

የመኪና ሕመም መፈለግ ተጀመረ። ጎሚስታው ጎማዎቹን እያሽከረከረ የከበደውን ጎን አየ፤ በሌላው ጎን ሚዛን የሚጠብቁ ትንንሽ የእርሳስ ቁራጮች በመዶሻ መታባቸው። ወጣን፤ ውሃው ተሸበሸበ። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወሩ። ወጣን፤ መሪው ተሻለው፣ መቀመጫው ባሰበት። አጎቴ በሆዷ ሥር ገብቶ የሚነቀነቀውን ሁሉ ነቀነቀ። ወጣን፤ ውሃው ተሸበሸበ። እኔ ደስታ በደስታ ነበርኩ። በየቀኑ ሽርሽር፣ በየቀኑ ጩኸት።

አንድ ቀን ግን ሰማንያ ላይ ውሃው ዝም አለ። ዘጠናም ላይ ዝም አለ። እየበረርን ተመለስን። አጎቴ በሁለት እጁ ወደ ላይ ወረወረኝና ቀለበኝ። አባቴ ከመኪናው ሳይወርድ ጀምሮ «አለቀ! ዳነች!» ይላል። እናቴ መስኮቱ ላይ እጇን አጨበጨበች።

በማግስቱ ጠዋት ፍሬኑን ለማየት ጎማዎቹን ፈቱ፤ አይተው መልሰው አሰሩ። ጎሚስታው ደህና አድርጎ ዘለለ። ወጣን። ሰማንያ ላይ ሳፋው ግማሹን ውሃ ጭኔ ላይ ደፋው።

ሦስቱ ወንዶች ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ማንንም አያይም። ያን ቀን እኔም መሳቅ ተውኩ፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም።

«እናንተ!» አለች እናቴ ከመስኮቱ። «ምን ሆናችሁ ነው ዝናብ እንደመታው ዶሮ የተኮራመታችሁት?»

«ተመለሰባት» አለ አባቴ።

«ትናንት እንዴት ነበረች?»

«እንደ ቅቤ።»

«ዛሬስ?»

«እንደ ወባ በሽተኛ» አለ አጎቴ።

«ጎማ ቀየራችሁ?»

«አልቀየርንም።»

«እርሳስ ጨመራችሁ?»

«አልጨመርንም እትዬ። ፈታን፣ አሰርን። በቃ።»

«ታዲያ የታመመችው መኪናዋ አይደለችም፤ አስተሳሰራችሁ ነዋ!»

ጎሚስታው ብድግ አለ። «እመቤቴ፣ በአስተሳሰር አትምጪብኝ። እኔ ያጠበቅኩትን…»

«እግዜር ይፍታው፣ አውቃለሁ። በመስኮት ስትዘል ሳይህ ነው የምውለው። ጠበቀ፤ ጥሩ። ግን ጠምሞ ቢጠብቅስ?» ወደ አባቴ ዞረች። «አንተ፣ የማሽኔ መዘውር የተሰበረ ጊዜ ሌላ አላመጣህልኝም?»

«አምጥቻለሁ።»

«ምን ሆነ?»

አባቴ አንገቱን አከከ። «ቀዳዳው ከዘንጉ ሰፋ ያለ ነበር። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ጨፈረ።»

«ብሎኑን ስታጠብቀው ተወ?»

«አልተወም። አንቺ የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቀለልሽበትና…» አባቴ እዚህ ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ሻለቃ!» ብላ ጠራችኝ። ሮጥኩ። በመስኮት የክብሪት ሳጥን ሰጠችኝ። «ሂድ። የጎማው መሃል ላይ ያለውን ክዳን ይክፈቱልህ። ከውስጥ ወፍራም ብረት ታያለህ፤ በብረቱና በጎማው መካከል የክብሪት እንጨት ከላይ ይገባ እንደሆነ ሞክር። ከታችም ሞክር።»

በእጄና በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ክዳኑ ተነሳ፤ የግራሶ ቅባት ሽታ አፍንጫዬን መታው። እንጨቱን ከላይ ሰካሁት፤ ሰተት ብሎ ገባ። ከታች ሞከርኩ፤ ተሰበረ። ሌላ ሞከርኩ፤ እሱም ተሰበረ።

«ከላይ ገባ! ከታች እምቢ አለ!»

ሦስቱም እኔ ላይ ወደቁ። አጎቴ ሆዱ ላይ ተኝቶ አየ። ጎሚስታው ከእጄ ክብሪት ነጥቆ ራሱ ሞከረ፤ ሄዶም የሌላውን ጎማ ሞከረ። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ነገሩ ይህ ነበር። የግመሏ እምብርት፣ ማለትም ጎማው የሚጠልቅበት የመሃል ብረት፣ ወፍራም ነው፤ የጎማዎቿም ቀዳዳ በዚያው ልክ የሰፋ ነው። የድስቷ እምብርት ቀጭን ነው። ስለዚህ ጎማው እምብርቱ ላይ ልክ ብሎ አልተቀመጠም፤ በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሏል። መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ ክብደቷን ስትጥልበት ጎማው ከመሃሉ ትንሽ ይለቃል። ጎሚስታው ደግሞ ዘሎ እንደጠመመ ያጠብቀዋል። በፈቱና ባሰሩ ቁጥር አጣማመሙ ይለያያል። ትናንት በዕድል ቀጥ ብሎላቸው ነበር።

«ስለዚህ እስካሁን የዘለልኩት…» አለ ጎሚስታው።

«ለስፖርት ነው» አለው አጎቴ።

አባቴና አጎቴ አንዱን ጎማ ለሁለት ተሸክመው ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሮጡ፤ እኔም ተከተልኩ። የቶርኖው ሠራተኛ ቀዳዳውን ለካ፤ የእምብርቱንም ልክ ተቀበለ። ከዚያ ማሽኑን አስነሳ። ብረቱ እየዞረ ይላጣል፤ ልጣጩ ብር መስሎ እየተጠቀለለ እግራችን ሥር ይወድቃል፤ የጋለ ዘይት ይሸታል። አራት ቀለበቶች ወጡ፤ ያብረቀርቃሉ፣ ገና ትኩስ ናቸው። አንዱን ክንዴ ላይ አጠለቅሁት፤ እስከ ብብቴ ደረሰ። አራት ናቸው፤ እኛም አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴና እኔ አራት ነን። ሽልማቱ ተሠራ አልኩ በልቤ። ውድድሩ ሳይደረግ ለሁላችን ሽልማት መሠራቱ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ማን ሽልማት ይጠላል?

ሽልማቶቹን ወስደው እምብርቶቹ ላይ ሲያጠልቋቸው ልቅሶ ጀምሬ ነበር። አጎቴ «ቆይ፣ ስማ» አለኝ። ጎማውን ቀለበቱ ላይ ሲገፋው «ጥቅ» አለ። እንደ በር መቆለፊያ፣ ልክ። ጎሚስታው መኪናዋን ሳያወርድ፣ ጎማው እንደተንጠለጠለ፣ አንዱን ዳዶ ከዚህ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ከዚያ፣ በትንሽ በትንሹ በእጁ አጠበቀ። እናቴ በመስኮቱ ታየዋለች።

«ዛሬ አትዘልም?» አለችው።

«እግሬን እያሳከከኝ ነው እመቤቴ፤ ግን ችያለሁ።»

ወጣን። ሰማንያ። ዘጠና። መቶ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል።

«ሻለቃ፣ ውሃው ምን ይላል?»

ውሃው ውስጥ የመኪናዋ ጣሪያ ይታያል። የእኔም ፊት ይታያል፤ ጥርሴ ሁሉ።

«ተኝቷል!»

አባቴ መኪናዋን ወደ ቤት አዞረ።

ውድድሩ የሆነው ከሐኪሙ ቀጠሮ በፊት ነው። አንድ ማለዳ በጩኸት ነቃሁ። አጎቴ በባዶ እግሩ ግቢውን አቋርጦ ሮጠ። አባቴና እሱ እናቴን ከነፍራሿ ይዘው ወጡ። አንሶላው ላይ ቀይ አየሁ፤ አጎቴ ቶሎ ብሎ ሸሚዙን ጣለበት። እኔን ማንም አልጠራኝም። ግን ሻለቃ ነኝ፤ ያለ እኔ መኪናዋ ወጥታ አታውቅም። ከፊት በር ገብቼ ቁጭ አልኩ። የሚያወርደኝም ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም። አጎቴ ጭኑ ላይ አደረገኝና በሩ ተዘጋ።

ተቀናቃኛችን ለምን እኛ መኪና ውስጥ እንደገባ ግራ ገባኝ። ምርኮኛችን ነው ብዬ ተውኩት።

ኮረኮንቹን አባቴ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳ። ከኋላ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ አጭር አጭር ነው። አስፋልቱን ስንይዝ እግሩን ረገጠ። የጭነት መኪና አለፍን። «አለፍነው!» ብዬ ጮህኩ። አውቶቡስ አለፍን። «አለፍነው!» ማንም አልሳቀም። አጎቴ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞኛል፤ ልቡ ጀርባዬን ይደበድበኛል። መርፌው መቶ ላይ ነው። መኪናዋ ምንም አይሰማትም፤ ቆማ መንገዱ ከሥሯ የሚሮጥ ይመስላል።

እናቴ መጀመሪያ ታቃስት ነበር። ቀጥላ ከአባቴ ጋር ትንሽ አወራች። ከዚያ ዝም አለች።

አባቴ በመስታወቱ አየ። እንደገና አየ። እኔም ዞርኩ። ራሷ ወደ ጎን ወድቋል፤ አንድ እጇ ከፍራሹ ወርዶ ተንጠልጥሏል። አባቴ ዳር ይዞ አቆመ። ወደ እሷም ዞረ።

«እትዬ!» አለ አጎቴ። እኔን ወደ ጎን ገፍቶ ትከሻዋን ያዘ። «እትዬ! እትዬ!»

ዓይኗን ገለጠች። አየችን፣ አንድ በአንድ።

«ምን አቆማችሁ?»

«ዝም… ዝም አልሽ» አለ አባቴ።

«ተኝቼ ነው! ስንት ሌሊት ዓይኔን ያልከደንኩ ሰው፣ እንዲህ ተመችቶኝ ልተኛ ስል… ንዳ አንተ ሰው! ንዳ!»

አባቴ ቁልፉን ያዘ። ሞተሩን ሊያስነሳ ሁለት እጁን አጋጥሞ ሞከረ፤ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። አጎቴ በሩን ከፍቶ በመኪናዋ ፊት ዞሮ መጣ፤ የአባቴን በር ከፈተ።

«ውረድ ወንድሜ» አለው። «አንተ ከእሷ ጋር ሁን። እኔ እነዳለሁ።»

አባቴ ወረደ። አጎቴ መሪው ላይ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ ያበድኩት። የዋህ አባቴ በገዛ እጁ መኪናችንን ለተቀናቃኙ አስረከበ!

«አባዬ አትስጠው! ሊያሸንፈን ነው! አባዬ ተታለልክ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። «አታስቁኝ፣ ወይኔ ሆዴን፣ አታስቁኝ» ትላለች። አባቴ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ይስቃል። አጎቴ ማርሽ እየለወጠ ይስቃል፤ ዕንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። እኔ ተኮሳትሬ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ምን እንደሆነ የገባኝ ራሴ ልጆች ወልጄ፣ ራሴ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ነው።

ደረስን። ነጭ የለበሱ ሰዎች አልጋ እየገፉ ሮጠው መጡ፤ እናቴን ወሰዷት፤ ባለ ሁለት ክንፉ በር ከኋላዋ ተወዛውዞ ቆመ። ከዚያ ረጅም ወንበር፣ የመድኃኒት ሽታ፣ ጥበቃ። አባቴና አጎቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ በር ያያሉ። እኔ ማን እንደቀደመ የሚነግረንን ሰው ነበር የምጠብቀው።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች።

«ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች።

አባቴና አጎቴ ተነስተው ተቃቀፉ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ፊቱን ቀብሮ ቀረ። እኩል ወጡ ማለት ነው፣ አልኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ወደ ውስጥ የገባችው አንድ እናቴ ናት። የነርሷን ቀሚስ ያዝኩ።

«ሁለቱም እነማን ናቸው?»

ነርሷ ወደ ሁለቱ ወንዶች አየች። እነሱ እንደተቃቀፉ ናቸው። ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችኝ።

«ማንም አልነገረህም እንዴ?» አለችኝ፤ እጄንም ይዛ በበሩ አስገባችኝ።